ጥያቄው ስንት መልስ አለው?

ሒሳብን ሸሽተን ወደ ቋንቋ፣ ወደ ታሪክና ወደ ፍልስፍና ክፍል የገባን ተማሪዎች ቁጥራችን ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ከሸሸነው ትምህርት መካከል አንዲት ጥያቄ ተከትላን መጥታ እዚሁ ስድስት ኪሎ፣ ከልብ ወለዱና ከግጥሙ ጎን ቁጭ ብላለች። ጥያቄዋን ሁላችንም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እናውቃታለን። መምህሩ ያኔ ኢኩዌሽን የምንላቸውን ሁለት እኩልዮሾች ሰሌዳ ላይ ይጽፉና «ስንት መፍትሔ አላቸው?» ይላሉ። ልብ በሉ፤ «መፍትሔያቸው ምንድን ነው?» አላሉም። ስንት ነው ያሉት።

ፈላስፎች እውነት አንድ ናት ወይስ ብዙ ብለው ሲከራከሩ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ይኸው ክርክር ወደ ሻይ ቤታችን ሲወርድ ሁለት ጎራ ብቻ ይሆናል። አንዱ «እውነት አንድ ናት፣ እሷም እኔ ዘንድ ናት» ይላል፤ ሌላው «ሁሉም እንደየመልኩ ነው፣ እባካችሁ ተዉን» ይላል። የመምህሩ ጥያቄ ከሁለቱም ጎራ አትገባም። መልሱ አንድ ይሁን፣ ብዙ ይሁን፣ ወይም ከነጭራሹ አይኑር፣ ይህ የሚታወቀው ጥያቄው ራሱ ተመርምሮ ነው እንጂ በጠያቂው ጠባይ አይደለም ትላለች። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ለዚሁ ነው፤ የመልሱን ቁጥር አስቀድሞ መጠየቅ የዕውቀት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሥነ ምግባር ግዴታም ነው። ቁጥሩን የሳተ ሰው የስሕተቱን ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስከፍለው ሌላውን ነውና።

ነገሩን ከሰሌዳ ላይ አውርደን ወደ ገበያ እንውሰደው። ከግቢያችን ወጥተን ወደ ሰሜን የእንጦጦን መንገድ ብንይዝ፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አጥር አልፈን ሽሮ ሜዳ እንደርሳለን። ጉለሌ የሸማኔ ሰፈር ነው፤ ከጋሞ ደጋ፣ ይልቁንም ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ለብዙ ትውልድ ከጉድጓዳቸው ተቀምጠው መወርወሪያቸውን እየወረወሩ ይህን ከተማ ያለበሱት ከዚህ ነው። እንበልና አንዲት ገዢ ከአንድ ሱቅ 2 ጋቢና 3 ነጠላ በ9,000 ብር ገዛች። ዋጋው ለምሳሌ ያህል የተወሰደ ነው፤ ነጋዴዎቹ እንዳይቆጡን። ታዲያ አንዱ ጋቢ ስንት ነው? አንዱ ነጠላስ?

አይታወቅም። ጋቢው 3,000 ነጠላው 1,000 ሊሆን ይችላል። ጋቢው 2,400 ነጠላው 1,400 ቢሆንም ሒሳቡ ይሞላል። ጋቢው 3,300 ነጠላው 800 ቢሆንም እንደዚሁ። እንዲህ እያልን እስከ ማታ ብንቈጥር አያልቅም። ሆኖም መልሱ ብዙ ነው ማለት ሁሉም መልስ ነው ማለት እንዳልሆነ እዚህ ላይ ይታወቅልን። «ጋቢውም 5,000 ነጠላውም 5,000 ነው» የሚል ሰው ቢመጣ ውሸታም ነው፣ ሌላ ስም የለውም። መልሶቹ ማለቂያ የላቸውም፤ ግን ሁሉም በአንዲት ቀጥ ያለች መስመር ላይ የተሰለፉ ናቸው፤ ከመስመሯ የወጣ መልስ አይደለም። «ሁሉም እንደየመልኩ ነው» የሚሉት ጓደኞቻችን ይህችን መስመር ሳያዩ ነው የሚያልፉት።

አሁን ሁለተኛ ገዢ ይምጣልን። «እኔ 4 ጋቢና 6 ነጠላ በ18,000 ብር ነው የገዛሁት» ይለናል። ሁለተኛ መረጃ አገኘን ብለን ደስ ሊለን ነው። ግን ምን አገኘን? ምንም! ሰውየው የነገረን የፊተኛዋን ቃል በእጥፍ ነው፤ ድምፁ ሌላ ነው እንጂ ነገሩ ያው ነው። ሦስተኛ ሰው መጥቶ «6 ጋቢና 9 ነጠላ በ27,000» ቢለንም ሦስት ምስክር አላገኘንም፤ አንድ ምስክር ሦስት ጊዜ ሲናገር ሰማን እንጂ።

ሌላኛው ገዢ ደግሞ መጣና «4 ጋቢና 6 ነጠላ በ17,000 ነው የገዛሁት» አለ እንበል። እዚህ ላይ ነገሩ ይበላሻል። ከፊተኛዋ ገዢ ጋር ሁለቱንም እውነት የሚያደርግ የአንድ ጋቢና የአንድ ነጠላ ዋጋ በምድር ላይ የለም፤ ሁለቱ መስመሮች ትይዩ ናቸው፣ እስከ ሱዳን ጠረፍ ብንስላቸው አይገናኙም። ግን «መልስ የለውም» ብሎ ማለፍ ብቻ አይበቃም፤ ይህ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ወይ አንዱ ዋሽቷል፣ ወይ አንዱ ረስቷል፣ ወይም ደግሞ ብዙ ለገዛ ተቀንሶለታል። ሦስተኛው ከሆነ የፈረሰው የሰዎቹ እውነተኛነት ሳይሆን የኛ ግምት ነው፤ «ለሁሉ አንድ ዋጋ አለ» ብለን ተነሥተን ነበርና። ሽሮ ሜዳ የተመላለሰ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። «እትዬ፣ ይኼ ጋቢ ስንት ነው?» ሲሏቸው መጀመሪያ ጫማችንን ያያሉ፤ ከዚያ «ለናንተማ ምን እላለሁ ልጆቼ» ይመጣል። ለጥምቀት ሰሞን ደግሞ ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ አስከትሎ መሄድ ምን እንደሚያስከትል የሞከረው ያውቀዋል።

በመጨረሻ አንዲት ልጅ መጥታ «እኔ 1 ጋቢና 1 ነጠላ በ4,000 ገዛሁ» ብትል፣ ከፊተኛዋ ገዢ ጋር ተዳምሮ ጉዳዩ ያልቃል። ጋቢው 3,000 ነጠላው 1,000 ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። እዚህ ላይ የሚያስደንቀው፣ መልሱ አንድ መሆኑን ለማወቅ መልሱን ማግኘት አለማስፈለጉ ነው። የፊተኛዋን 2 ጋቢ በልጅቷ 1 ነጠላ፣ የፊተኛዋን 3 ነጠላ በልጅቷ 1 ጋቢ አባዙ፤ 2 እና 3 ይሆናል። ሁለቱ ከተለያዩ፣ ብሩ ምንም ይሁን ምን፣ መልሱ አንድና አንድ ብቻ ነው። 18,000 ካለው ሰውዬ ጋር ግን ይህንኑ ብናደርግ 2 በ6 አሥራ ሁለት፣ 3 በ4 አሥራ ሁለት ይመጣል፤ እኩል ከሆነ ወይ መልስ የለም ወይ ማለቂያ የለውም፣ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚለየውም ብሩ ነው። የሒሳብ ሰዎች የሁለቱን ብዜቶች ልዩነት ዲተርሚናንት ይሉታል። ለኛ ለቃላት ሰዎች ስሙ ብዙ አይጠቅመንም፤ የሚጠቅመን ትርጉሙ ነው። ጥያቄዎቹ በራሳቸው የተለያዩ ከሆኑ ዓለም የፈለገችውን ብትመልስ አንድ ቦታ ያደርሱናል። ጥያቄዎቹ አንዱ የሌላው ጥላ ከሆኑ ግን ሺህ ብንጠይቅ ከዕድል እጅ አንወጣም።

እንግዲህ ምንም፣ አንድ፣ ማለቂያ የሌለው፤ ከዚህ ሌላ አራተኛ ነገር የለም። በተለይ ሁለት ብቻ የሚባል ነገር አይኖርም። ይህ አብዛኛውን ሰው ያስገርመዋል፤ ማረጋገጫው ግን ቀላል ነው። 3,000 እና 1,000 አንድ መልስ ነው፤ 2,400 እና 1,400 ሌላ መልስ ነው። መካከላቸውን እንውሰድ፤ ጋቢው 2,700 ነጠላው 1,200። ሁለት ጋቢ 5,400፣ ሦስት ነጠላ 3,600፣ ድምሩ 9,000። ይህም መልስ ነው! የመካከሉም መካከል መልስ ነው፣ የዚያም መካከል። ሁለት ትክክለኛ መልሶች ካሉ በመካከላቸው ያለው ሁሉ ትክክል ነው ማለት ነው። «ወይ ከኛ ጋር ነህ ወይ ከነሱ ጋር» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ ተቃዋሚ የምናገኝ አይመስለንም።

ግን ቶሎ ጮቤ አንርገጥ። ይህ ማረጋገጫ የሚሠራው የሚከፈል ነገር ሲሆን ነው። ብር ይከፈላል፣ መሬት ይከፈላል፣ ሥልጣንም ሰው ከፈቀደ ይከፈላል። ንጉሥ ሰሎሞን ፊት የቀረቡት ሁለት ሴቶች የተካሰሱበት ሕፃን ግን አይከፈልም። እዚያ ላይ መልሱ ሁለት ብቻ ነበር፤ ልጁ ወይ የዚህችኛዋ ነው ወይ የዚያችኛዋ፤ መካከለኛው መልስ ሰይፍ ነው። የሰሎሞን ብልኀት የተባለውም ሌላ ጥያቄ መጨመሩ ነው። «ይከፈል» ሲል ከሁለቱ ሴቶች አፍ የወጣው ቃል የተለያየ ሆነ፤ እስከዚያ ድረስ ግን ሁለቱም «ልጁ የኔ ነው» እያሉ አንዲቱን እኩልዮሽ ነበር የሚደጋግሙለት።

ሙሉ ቍጥር ብቻ በሚፈቀድበት ቦታ መልሶችን አንድ በአንድ መቈጠር ይቻላል። ይህንን የአገራችን የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ጠንቅቀው ያውቁታል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ምንጊዜም 30 ይሆናሉ። ይህን ብቻ የሰማ ተማሪ አበቅቴን ከ0 እስከ 29 የፈለገውን ብሎ መጥቅዕን ማሟላት ይችላል፤ 30 ጥንዶች አሉት። ሊቁ ግን ሁለተኛ ነገር ይጨምርበታል፤ አበቅቴው ከወንበር ተነሥቶ በ11 ተባዝቶ፣ ከ30 የተረፈው ነው። ወንበር ከ0 እስከ 18 ብቻ ስለሆነ 30ዎቹ ጥንዶች ወደ 19 ይወርዳሉ፤ ለምሳሌ 14 የሆነ መጥቅዕ በየትኛውም ዘመን አይገኝም። ከዚያ «ዓመቱ ስንት ነው?» ይላል። 2017 ዓ.ም.ን እንውሰድ፤ 5,500 ሲደመርበት 7,517፣ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፣ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 መቶ ሃያ አንድ፣ ከ30 ተገድፎ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29። ከ30 ወደ 19፣ ከ19 ወደ 1። እያንዳንዱ ሁኔታ ምን ያህል በር እንደ ዘጋ በግልጥ ይታያል። ተማሪውም ሊቁን «ለምን አንድ ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ «እኔ ስላልኩ» የሚል መልስ አያገኝም።

የዚህ ትምህርት መጽሐፍ አቡሻክር የሚባለው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነበረ የግብፅ ክርስቲያን ሊቅ ስም ነው። ከእሱ አራት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ በዚያው በግብፅ አቡ ካሚል የሚባል የሒሳብ ሰው ነበረ። በዘመኑ አዋቂውም መሃይሙም የሚጠያየቀው አንድ ዓይነት እንቆቅልሽ ነበር፤ በ100 ድርሃም 100 ወፍ ግዛ፣ የዳክዬው ዋጋ ይህን ያህል፣ የዶሮው ይህን ያህል፣ የርግቡ ይህን ያህል። ሰው አንድ መልስ በግምት አግኝቶ «አወቅሁት» ብሎ ይሄዳል። አቡ ካሚል ቁጭ ብሎ ሁሉንም በሥርዓት ቈጠረ። አንዱ እንቆቅልሽ አንድ መልስ ብቻ ሲኖረው፣ ሌላው ከነጭራሹ መልስ እንደሌለው፣ አንደኛው ደግሞ 2,676 መልሶች እንዳሉት አገኘ። ይህን በተናገረ ጊዜ የማያውቁት ሰዎች እንዳላመኑትና እንደተጠራጠሩት ስለ ወፎች በጻፈው መጽሐፉ መግቢያ ላይ ነግሮናል። እኛ ይህን ስናነብ የገረመን ቁጥሩ አይደለም። «መልሱ ይኼ ነው» ያለ ሰው ክብር ሲያገኝ፣ «መልሱ ብዙ ነው፣ ቈጥሬዋለሁ» ያለው መጠርጠሩ ነው። ያ ጠባይ ከግብፅም ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም አልፎ የት የት እንደ ደረሰ አንባቢ ራሱ ይፈልገው።

ከሩቅ ሳንሄድ የአገራችንን ሌባሻይ እናስታውስ። ሌብነት ሲፈጸም አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ራሱን ስቶ በገመድ ተይዞ ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ይህ ሥርዓት ከቀረ ቆይቷል። ሰዎች ሲነቅፉት «አጉል እምነት ነው» ይላሉ። ነውም፤ ግን እኛን ከዚያ የበለጠ የሚያስፈራን ሌላ ነገር አለ። ሌባሻይ ሁልጊዜ መልስ ይሰጣል፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው። ማስረጃ ቢኖርም ባይኖርም፣ ምስክር ቢጋጭም ባይጋጭም፣ ልጁ አንድ ቤት መውደቁ አይቀርም። «አላውቅም» የሚል በር የለውም፤ «ከሦስቱ አንዱ ሊሆን ይችላል» የሚል በርም የለውም። ገጠር አገር በአውጫጭኝ ሕዝቡ ተሰብስቦ ስም እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይሂድ ሲባልም ነገሩ ወደዚሁ ያዘነብላል፤ የራበውና የመሸበት ሰው ስም ያወጣል። ያንን ስም አርባ ሰው ቢደግመው እንኳ አርባው ሁሉ የሰማው ከአንድ ጆሮ ከሆነ ያለን ምስክር አንድ ነው፤ ያ የ18,000 ብሩ ገዢ ነው አርባ ጊዜ የተባዛው። በሰው ላይ ሲፈረድ «ስንት ምስክር አለ?» ብሎ መቍጠር ቀላል ነው። ከባዱ ስንቶቹ የራሳቸውን ነገር እንዳዩ መቍጠር ነው፤ ፍትሕ ያለውም እዚያ ላይ ነው።

ስለ ትውልድ ሳናነሣ ብናልፍ በዚህ ግቢ ተቀምጠን የምንጽፍ አንሆንም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ። ትልቅ እኩልዮሽ ነበረች፤ ባለርስቱንና ጭሰኛውን ከአንድ መስመር አስወጣች። ግን አንዲት ነበረች፤ የማይታወቁት ነገሮች ደግሞ ብዙ ነበሩ። መሬቱ የአራሹ የግል ይሁን? የገበሬ ማኅበሩ ይሁን? የመንግሥት ይሁን? ይሸጥ ወይስ አይሸጥ? ይህ ሁሉ ከ«መሬት ላራሹ» ጋር ይስማማል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ፣ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር የማይበልጥ እንዲሰጥ ሲል፣ መሸጥ መለወጡንም ሲከለክል፣ በዚያች መስመር ላይ ካሉት ነጥቦች አንዱን ነበር የመረጠው። ከዚያ የሥልጣኑ ጥያቄ መጣ። ሁለቱም ከተማሪው ንቅናቄ የፈለቁት ኢሕአፓና መኢሶን፣ አንዱ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ» ሲል ሌላው ለደርግ «ሒሳዊ ድጋፍ» እያለ፣ ትክክለኛው መስመር አንድ ብቻ ነው በሚለው ላይ ግን ተስማሙ። የሚያሳዝነው ስምምነታቸው ይኸው ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነጭና በቀይ ሽብር፣ ከሁሉ በላይ በመንግሥት እጅ፣ ስንት ወጣት እንደ ረገፈ የዚህ ከተማ እናቶች ያውቁታል፤ መኢሶንም ቢሆን በመጨረሻ ከመታደን አልዳነም።

ያን ሁሉ ደም በሁለት መስመር አልጀብራ እንፈታዋለን ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ብንል ድፍረት ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰው ዲተርሚናንት አያስቆመውም። የምንለው አንድ ነገር ነው። በዘመኑ ክርክር «መልሱ ምንድን ነው?» የሚሉ ጽሑፎች በየዓይነቱ ነበሩ፤ «የተስማማንባቸው ነገሮች አንድ መልስ ለመስጠት ይበቃሉ ወይ?» የሚል ግን ድምፁ አይሰማም ነበር። ቢጠየቅ ኖሮ ቢያንስ አንዳንዱ ሰው ባልንጀራው በመስመሯ ላይ ሌላ ነጥብ የቆመ እንጂ ከመስመሯ የወጣ እንዳልሆነ ያይ ነበር ብለን እናስባለን። ጓደኞቻችን «ከዳር ሆኖ መናገር ቀላል ነው» ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ ቀላል ነው። ቢሆንም ይነገር።

አሁን ወደ ከባዱ እንመለስ፤ መልስ ወደሌለው። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው የእንጦጦ ተራራ ከምኒልክ ዘመን ወዲህ በባሕር ዛፍ የተሸፈነ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የጉለሌ ሴቶች ከዚያ ደን ቅጠልና እንጨት ለቅመው፣ ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ወደ ገበያ ሲወርዱ ኖረዋል። በአንዲት እንዲህ ያለች እናት ላይ የተጻፉትን እኩልዮሾች እንያቸው። ደኑ መጠበቅ አለበት፤ ትክክል ነው፣ ተራራው ከተራቈተ ጎርፉ ከታች ያለውን ሰፈር ነው የሚያገኘው። ልጆች መብላት አለባቸው፤ ማን ይክደዋል? ከእንጨት ሌላ የምትሸጠው የላትም፤ ይህ ደግሞ ምኞት ሳይሆን ያለ ነገር ነው።

ሦስቱን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ እዩ። የደኑና የልጆቹ እኩልዮሽ ይገናኛሉ፤ ሌላ ገቢ ቢኖራት ደኑም ይጠበቃል ልጆቹም ይበላሉ። የልጆቹና የእንጨቱ ይገናኛሉ፤ ጥበቃው ዞር ካለ ትሸጣለች፣ ያበላሉ። የደኑና የእንጨቱም ይገናኛሉ፤ ልጆቹ ጦማቸውን ካደሩ። በወረቀት ላይ ሦስት መስመሮች ብንሰምር እያንዳንዱ ጥንድ የሚገናኝበት ነጥብ አለው፤ ሦስቱም በአንድነት የሚገናኙበት ግን ላይኖር ይችላል፤ በመካከል ባዶ ሦስት ማዕዘን ይቀራል። እሷ የምትኖረው በዚያ ባዶ ውስጥ ነው። የሚያሳዝነው በየፊናው የሚፈርድባት ሰው ሁለት ሁለቱን ብቻ ስለሚያይ «ይቻላል እኮ!» ማለቱ ነው። ጥበቃው ይቻላል ይላል፣ ጎረቤት ይቻላል ይላል፣ ከመኪና ሆኖ የሚያያትም «ሌላ ሥራ አትሠራም?» ይላል። ማንም አልዋሸም። ሦስቱን ባንድ ላይ የጻፈ ግን የለም።

ጀርመናዊው ካንት አንድን ነገር ማድረግ ይገባሃል ስንል ማድረግ እንደሚቻል ተቀብለናል ማለት ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ይህን ከተቀበልን መልስ የሌለው ጥያቄ በሰው ላይ ጭኖ «ለምን አልመለስሽም?» ማለት ራሱ በደል ነው። ስለዚህ «መፍትሔ የለውም» የሚለው ቃል ብዙ ሰው እንደሚመስለው የተስፋ መቍረጥ ቃል አይደለም፤ ተጠያቂነቱ ከመላሿ ወደ ጥያቄው ጸሐፊ እንዲዞር የሚያደርግ የምርመራ ውጤት ነው። ወይ አንዱ እኩልዮሽ ይለወጥ፣ ወይ አዲስ ያልታወቀ ይጨመር ያሰኛል። ያልታወቀ መጨመር ማለት በሒሳብ ቋንቋ ነጻነት መጨመር ነው፤ በሽሮ ሜዳ ቋንቋ ደግሞ ሌላ እንጀራ ማግኘት ነው። ከእንጨት ለቃሚዎቹ አንዳንዶቹ ተደራጅተው ወደ ሽመና ሥራ የገቡት በዚህ መንገድ ነው፤ ባዶው ሦስት ማዕዘን ለእነሱ በመጠኑ ጠበበ።

ሁሉም ግን እንዲህ አልሆነላቸውም፤ እስኪሆን ድረስም ኑሮ አይቆምም። መልስ የሌለውም ቢሆን መኖር ግድ ነው። የሒሳብ ሰዎች ይህንንም አስበውበታል። ፈረንሳዊው ለዣንድር በ1805 እ.ኤ.አ. ስለ ጅራታም ከዋክብት መንገድ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ መለኪያዎች እርስ በርሳቸው ሲጋጩና ሁሉንም የሚያስማማ ነጥብ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ዘዴ አወጣ። ከእያንዳንዱ እኩልዮሽ ምን ያህል እንደ ራቅን እንለካለን፤ ርቀቱን በራሱ እናባዛለን፤ ሁሉንም ደምረን ድምሩ ከሁሉ የሚያንሰውን ነጥብ እንመርጣለን። በራሱ ማባዛቱ ለምን እንደ ሆነ ስናስብ እኛን የሳበን ነገር አለ። አራት ስሕተት በአንድ እኩልዮሽ ላይ ቢወድቅ 4 በ4 ዐሥራ ስድስት ይቈጠራል፤ ያው አራቱ ለአራት ተከፋፍሎ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ቢወድቅ ግን ድምሩ 4 ብቻ ነው። ዘዴው ሁሉን በአንዱ ላይ መጫንን አጥብቆ ይጠላል።

ከእንጦጦ በሚወርደው መንገድ ላይ ግን ዐሥራ ስድስቱ በአንድ ጀርባ ነበር የሚጫነው። ደኑ ድርሻውን አልተሸከመም፣ ማዘጋጃ ቤቱም ድርሻውን አልተሸከመም፤ በዚያ ርካሽ ማገዶ የተጋገረውን እንጀራ በየምግብ ቤቱ ስንበላ የኖርን የዚህ አካባቢ ሰዎችም፣ ተማሪው ጭምር፣ አንዲት ቅርንጫፍ አላነሣንም።